እጅጋየሁ ውሃ ስታቀብል

አባቴ ውሃ መጠጣት የተወው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሰው ፊት ሻይ መጠጣት ተወ። ቀጥሎ ብርጭቆው ሞልቶ ሲመጣለት «ይቅርብኝ፣ አልጠማኝም» ማለት ጀመረ። ብቻውን ቤት ሲውል አንድ ጉንጭ እንኳ ሳይቀምስ እንደሚያመሽ ያወቅኩት የካቲት ላይ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ወድቆ ሳገኘው ነው። ሐኪሙ እጁንም ደሙንም መርምሮ «የእጃቸው መንቀጥቀጥ አይገድላቸውም፤ የሚጎዳቸው ውሃ አለመጠጣታቸው ነው» አለኝ። ሰው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ቧንቧ አጠገብ፣ ያውም ውሃ ባልጠፋበት ሳምንት፣ በጥም ይወድቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አባቴ ገብረሰንበት ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ታፔላ ጽፏል። ከመገናኛ እስከ ገርጂ ያሉ የድሮ ሱቆች፣ ፋርማሲዎችና ጋራዦች ስማቸውን ያጻፉት በእሱ እጅ ነበር፤ አሁን አብዛኛው በባነር ተሸፍኗል። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል እየተባለ ይወራለት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ብርጭቆ አንስቶ ግማሹ ደረቱ ላይ ሲፈስበት ምን እንደሚሰማው እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ እሱም አይናገርም። ስትሮ ገዛሁለት፤ «ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለኝ። ክዳን ያለው ኩባያ ገዛሁለት፤ እስክሪብቶ አስቀመጠበት። ሠራተኛ ቀጠርኩለት፤ አንዷ በሦስተኛው ቀን፣ ሌላዋ በሳምንቷ ሄደች። ባዳ አያጠጣኝም ብሎ ነው።

ከእኔ እጅ ግን ይጠጣል። ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቦሌ መድኃኔዓለም ካለው ቢሯችን እወጣና ታክሲ ተጋፍቼ ገርጂ እሄዳለሁ። ሦስት ኩባያ አጠጣዋለሁ፣ ምሳችንን እንበላለን፣ እመለሳለሁ። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሥራ ይዞኝ ቀረሁ። ያን ቀን ዳግመኛ ወደቀ።

ታላቅ ወንድሜ ብርሃነ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። ሰፊ ግቢ አለው፤ ሚስቱም ቤት ትውላለች። ሁለተኛውን መውደቅ ስነግረው አልጮኸም፣ አልወቀሰኝም። «ፀዲ፣ የግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ። «ያን ቀን አባዬ ያለ ሰው ውሃ መጠጣት ከቻለ ይቆይ። ካልቻለ ይዤው እሄዳለሁ።» ክፉ ሰው ቢሆን እጣላው ነበር። ችግሩ፣ ያለው ነገር ልክ ነበር። አባዬ መሄድ አይፈልግም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከእሱ የባሰ የማልፈልገው እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ በር ስከፍት «መጣሽ?» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

የምሠራው ሮቦት ላይ ነው። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ አምስት ሰው፣ ሁለት ክፍልና ከውጭ የመጣ አንድ ክንድ ነን። ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አስረን፣ እጃቸው ለደከመ ሰዎች ዕቃ እንዲያቀብል እናስተምረዋለን። ፕሮግራሙን የሚጽፈው የሥራ ባልደረባዬ ሙስአብ «እጅጋየሁ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም። ክንዱም ሴት ሆኖ ቀረ።

እጅጋየሁ ዕቃ ማንሳት አያስቸግራትም። የሚከብዳት መስጠት ነው። ሰው ለሰው ብርጭቆ ሲያቀብል ምን እንደሚያደርግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቀድሞ ከለቀቀ ይወድቃል፤ ከዘገየ ይጓተታሉ። ጣታችን ግን ማንም ሳያስተምረው የተቀባዩን ጉልበት እየለካ ቀስ በቀስ ይላላል። ለማሽን ይህን በቁጥር መንገር ያስፈልጋል። ሙስአብ ጥናት ሲያገላብጥ ከርሞ አንድ ደንብ ይዞ መጣ፤ ተቀባዩ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሲስብ እጅጋየሁ አንጓዋ ላይ ይሰማታል፣ ጉተታው በቂ ሲሆን ትለቃለች። ቢሮ ውስጥ እኔና እሱ ሁለት መቶ ጊዜ ሞከርነው። መንጨቅ እናደርጋለን፣ ትለቃለች። አንድም አልወደቀባትም።

አባቴ ቤት ወስደን እንሞክራት ብዬ አስፈቀድኩ። ብርሃነ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እጅጋየሁን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ራይድ ውስጥ በመሀላችን አስቀመጥናት። ሹፌሩ በመስታወት አየንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሽተኛ ናት?» አለ። ሙስአብ «እያገገመች ነው» ብሎ መለሰለት።

አባዬ ለእንግዳ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ጠበቀን። ክንዷን ከምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አሰርናት፤ ሲጫኑት የሚጠራት አንድ ትልቅ ቁልፍም አጠገቡ አስቀመጥን።

«ጋሼ፣ እሷ ታቀብልዎታለች፣ እርስዎ ይቀበሏታል» አለ ሙስአብ። «ሌላ ነገር የለውም።»

«ስሟ ማነው?»

«እጅጋየሁ።»

«እሺ፣ እጅጋየሁ» አለ አባዬ፣ ከሰው ጋር እንደሚተዋወቅ ሁሉ። ቁልፉን ተጫነ።

እጅጋየሁ ብርጭቆውን አነሳች፣ ዘረጋች፣ ደረቱ ፊት ስትደርስ ቆመች። አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ከብርጭቆው ሥር አስጠጋና ጠበቀ።

እጅጋየሁም ጠበቀች።

እሱ ይጠብቃል፣ እሷ ትጠብቃለች። በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ ሁለት ሽማግሌዎች ይመስሉ ነበር። ሳቄ ሊያመልጠኝ ደርሶ የሙስአብን ፊት ሳይ ዋጥኩት።

«አባዬ፣ ሳበው!»

«ምኑን?»

«ብርጭቆውን። ወደ አንተ ስትስበው ትለቅልሃለች።»

ዞሮ አየኝ። «ከሰጪ እጅ ይነጠቃል እንዴ? ስትሰጠኝ እቀበላለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት መቶ ጊዜ የሞከርነው እኔና ሙስአብ ጥድፊያ የለመድን ሰዎች ነን። ሁለት እጁን ከሥር ዘርግቶ ሰጪው በራሱ ጊዜ እስኪያሳርፍለት የሚጠብቅ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ጥናት ውስጥ አልነበረም። እኛስ ያደግነው እንደዚያ ተቀበሉ እየተባልን አይደለም? እኔ አንድ እጄን ብዘረጋ እናቴ ትቆነጥጠኝ ነበር። ሙስአብም አያቱ ፊት አንድ እጁን ዘርግቶ አያውቅም። ቢሮ ስንገባ ግን ይህን ሁሉ ከበር ላይ ትተነው ገባን።

«ቀላል ነው» አለ ሙስአብ። በእኛ ሥራ ይህን ቃል ስትሰሙ ራቅ በሉ። ጥቂት ጉተታ ሲሰማት እንድትለቅ ቁጥሩን ዝቅ አደረገው። እጅጋየሁ እንደገና ዘረጋች። አባቴ እንደገና ሁለት እጁን አስጠጋ። ጣቶቹ ብርጭቆውን ሲነኩት መንቀጥቀጡ ወደ ብርጭቆው ተሻገረ፤ እጅጋየሁ ደግሞ መንቀጥቀጡን ጉተታ አድርጋ ቆጠረችውና ለቀቀች።

ውሃው እንዳለ ኮቱ ላይ ወረደ። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተሰበረ።

አባዬ እርጥብ ኮቱን ለማውለቅ ታገለ፤ ቁልፎቹ እንቢ አሉት። ልረዳው ስጠጋ በክርኑ ገፋ አደረገኝ። «ይበቃል፣ ፀዲዬ። ለብሬ ደውይለት። ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ብርጭቆ ሳብ ስላልኩህ ነው ሻንጣ የምታዘጋጀው? ስትሮ ነውር፣ ሠራተኛ ነውር፣ ማሽንም ነውር! እኔ ምን ላድርግልህ?» እያልኩ ሙስአብ ፊት ጮህኩበት። በዕድሜዬ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። አባዬ ስባሪውን ለመልቀም አጎነበሰ፤ በዚያ እጁ። ራሴን ጠላሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተነሺ፣ ይሄ ጉልበት ቁርጥማት አለበት» አለኝ። ከዚያ ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ስለ ሻንጣው ዝም አለ። እኔም ለብርሃነ አልደወልኩም።

ሰኞ ሙስአብ አንድ ኩባያ ሰጠኝ። ዙሪያውንና ሥሩን የእጅ ጫና የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮች ለጥፎበታል። «ከአንቺ እጅ ይጠጣሉ አይደል? አንቺ እንዴት እንደምትሰጫቸው እንይ።»

«ምን የሚታይ አለው? እጁ ላይ አስቀምጬ እለቃለሁ።»

«ጥሩ፤ መቼ እንደምትለቂ ኩባያው ይነግረናል።»

ሦስት ቀን ምሳ ሰዓት በዚያ ኩባያ አጠጣሁት። ሐሙስ ሙስአብ ጠራኝና ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አሳየኝ፤ ሰማያዊው የአባቴ እጅ፣ ቀዩ የእኔ። ቀዩ የሚጠፋበትን ቦታ ፈለግኩ። አይጠፋም። ይሳሳል፣ ዝቅ ይላል፤ ግን ኩባያው ከንፈሩ ደርሶ፣ ተጠጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ እስኪመለስ ድረስ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ አትለቂም» አለ ሙስአብ።

«እለቃለሁ!»

«ዘጠኝ ጊዜ አጠጣሽ፣ ዘጠኝ ጊዜ አለቀቅሽም። ይኸው።»

ቤተ ክርስቲያን ወስዳችሁ ብታስምሉኝ እንኳ ለቅቄያለሁ ብዬ እምል ነበር። ሁለት ጣቶቼ ግን ሁልጊዜ ከኩባያው ሥር ይቀራሉ። ክብደቱን ይሸከማሉ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይመሩትም። እሱ ሲያነሳ ይነሳሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሰማያዊው ነው፤ ጣቶቼ እዚያ ባሉበት ጊዜ ሁሉ መንቀጥቀጡ በግማሽ ይቀንሳል። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ የማደርገውን ነገር እጄ ያውቀዋል፣ እኔ አላውቀውም።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ምንም አልገረመውም።

«ታፔላ ስጽፍ ትንሿን ጣቴን ሰሌዳው ላይ አሳርፋት ነበር» አለኝ። «ሰው መስመሩን ያያል እንጂ እሷን አያይም። ባዶ አየር ላይ የቀረ እጅ የማንም ቢሆን ይንቀጠቀጣል። የእኔ ባሰበት እንጂ።»

«እና እንደማልለቅ ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትለቂ ነበራ!»

ፊቴን እንዳያየው አቀርቅሬ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ።

አንድ ሳምንት ቀርቶናል። ሙስአብ «መቼ ትልቀቅ?» የሚለውን ጥያቄ ከነጭራሹ ጣለው። አዲሷ እጅጋየሁ አትለቅም። ከሥር ደግፋ ክብደቱን ትሸከማለች፤ እሱ ወደሚወስዳት ትከተላለች። ቀስ ያለውን እንቅስቃሴ እሺ ትላለች፣ ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ግን ያዝ ታደርጋለች። ወፍራም ገንፎ ውስጥ የገባ ማንኪያ አስቡ፤ በዝግታ ካዞሩት ይሄዳል፣ ካጣደፉት ይይዛል። ማክሰኞ በጣም ደርቃ የሙስአብን ጥርስ ልትሰብር ነበር። ረቡዕ ከመጠን በላይ ላልታ ጠረጴዛውን አራሰችው። ሐሙስ ጣቶቿን ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ሸፈንናቸው። ዓርብ ዓይኔን ጨፍኜ ከእሷ ጠጣሁ፤ ጭንቅላቴን ሳላስብ ነቀነቅኩ፣ እሷም አብራኝ ሄደች።

ቅዳሜ ብርሃነ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ከመገናኛ በታክሲ መጥቶ ላብ በላብ ሆኗል። አባታችንን ሦስት ጊዜ ሳመውና ክንዷን በጥርጣሬ ዓይን እያየ ዞራት። «ይቺ ናት?»

«ተቀመጥና እይ» አለው አባዬ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው አውቃለሁ፤ እኔም አልወሰደኝም። ሙስአብ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞሉ አምስት ኩባያዎች ደርድሬያለሁ። አባዬ ቁልፉን ተጫነ። እጅጋየሁ የመጀመሪያውን አንስታ ዘረጋችለት። እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ከሥር አስጠጋ። እሷም በዝግታ ወደ መዳፉ ወረደችና እዚያው ቆየች። ኩባያው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ሲረግብ አየሁ። አባቴ ኩባያውን ወደ አፉ ወሰደ፤ እሷ ተከተለች። ጠጣ። እስከ ሥሩ ጠጣ። ሲመልሰውም አብራው ወርዳ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችለት። ኮቱ ላይ አንድ ጠብታ አልነበረም።

«ሌላ» አለና ቁልፉን ደገመው። ሁለተኛውንም ጨረሰ።

ብርሃነ ተነስቶ ጀርባውን ሰጠንና መስኮቱ ጋ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «እስኪ እኔን ታጠጣኝ» አለ። ተቀመጠና ኩባያውን መንጨቅ አደረገ፤ እጅጋየሁ ያዝ አደረገችው፤ ተሳሳቡ። አባዬ ከስንት ወር በኋላ ከልቡ ሳቀ። «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ሰው እጅ ላይ ነው ያለው!»

«እሺ፣ ይቆይ» አለኝ ብርሃነ ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ ትከሻዬን አቅፎ። «አሸንፈሻል።»

ስመለስ አባዬ እጅጋየሁ አጠገብ እንደተቀመጠ ነበር። «እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ መንከራተትሽ ቀረ» አለኝ።

«ቀረ!» አልኩት። ደስታዬን ማየት ነበረባችሁ።

«ጎሽ። ድካም ነበር እኮ» አለና ኮቱን አውልቆ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። እኔ ሞኟ እየዘፈንኩ ኩባያዎቹን አጠብኩ።

ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ምሳ በላሁ። እጅጋየሁ የምትሠራውንና እጇ ላይ የሚሰማትን ሁሉ ወደ ሙስአብ ኮምፒውተር ትልካለች፤ ሁለታችንም ስክሪኑን ከፍተን እንጠብቃለን። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ኩባያ ጠጥቷል። አራት ተኩል ላይ ሌላ። ሙስአብ እጁን ዘርግቶ መዳፌን መታኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ተጀመረ። እጅጋየሁ ዘርግታለች፣ የአባቴ እጅ ይዟታል። ኩባያው ግን አይነሳም። ሁለት ደቂቃ አለፈ። አምስት ደቂቃ አለፈ።

«አቅቷቸው ይሆን?» አለ ሙስአብ። «ወይስ ተበላሸች?»

ወደ ሰማያዊው መስመር ተጠጋሁ። አባቴ ሲያቅተው መስመሩ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ አውቃለሁ። ይሄ እንደዚያ አልነበረም። ረግቷል። ወደ ላይ ለማንሳት የሞከረበት ምልክት የለም፤ ውሃው አልጎደለም። አስራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ኩባያው እንደሞላ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ሰዓቱን አየሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አጠገቡ የምሆንበት ሰዓት ነው። አባቴ አልጠማውም ነበር። እጅ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ሙስአብም ገብቶታል። ቦርሳዬን አቀበለኝ።

ታክሲው ውስጥ አለቀስኩ። ወያላው ሒሳብ ሲጠይቀኝ ፊቴን አይቶ ወደ ሌላው ሰው አለፈ። እሱ እንዳይሄድብኝ ብዬ ያን ያህል ስደክም፣ እኔ ከእሱ እንድሄድ የሚያደርግ ማሽን ሠርቼ አረፍኩት። እሱም ድካሜን አይቶ «ጎሽ» አለኝ።

በሩን ስከፍት አባዬ ደንገጥ ብሎ ቀና አለ። «ምነው? ምን ሆንሽ? እኔ እንደሆነ ጠጥቻለሁ፤ ከፈለግሽ እሷን ጠይቂያት» አለኝ ወደ እጅጋየሁ እያመለከተ።

«ጠይቄያታለሁ።»

ወደ ጠረጴዛው ሳይሆን ወደ መስኮቱ አየ። ጆሮው ቀልቷል፤ አባቴ ሲያፍር እንደዚያ ነው።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጉልበቱ ላይ ያረፈውን እጁን ያዝኩት። ኩባያ አልነበረበትም፣ ውሃም አልነበረበትም። ከልጅነቴ ወዲህ ያለ ምክንያት ይዤው አላውቅም፤ በእኛ ቤት እንዲህ አይደረግም። ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ሊወስደው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

«ሥራሽስ?» አለኝ።

«ነገም በዚህ ሰዓት እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም።»

«ውሃውን እኮ እሷ ትሰጠኛለች።»

«ውሃውን እሷ ትስጥህ።»

«ምሳው ይቀዘቅዛል» አለ፤ እጁን ግን አልወሰደም።